ከጥሩምባው በፊት ዋሽንት የለም

ቀጨኔ፣ ግንቦት 1977 ዓ.ም.

ውድ ስለሺ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትጠረጥር። ስለ ጤናህም አልጠይቅም። እንዳንተ ራሱን የሚጠብቅ ሰው ጤና ከየት ያጣል? እኔ ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፤ መድኃኔዓለም ለመሳለም ስትወጣ መንገድ ላይ አረፍ እያለች ነው። ይህን የጻፍኩልህ አሳስቦህ እንደከረመ ገምቼ አይደለም።

ደብዳቤህን ቶይባ ሰጥታኛለች። እስከ ሱቋ ድረስ መጥተህ፣ በራችንን ከባንኮኒው ፊት ለፊት እያየኸው፣ ያችን ዳገት መውጣት አቅቶህ ፖስታውን አስቀምጠህ ተመለስክ አሉ። ቶይባ ባርኔጣህን እስከ ቅንድብህ አውርደህ መምጣትህን ስትነግረኝ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። በዚህ ሰፈር ስንት ዓመት ወጥተህ ወርደሃል፤ አረማመድህን የማያውቅ ውሻ እንኳ የለም። ባርኔጣው ለማን ነው?

«ጓድ ዓለምፀሐይ» ብለህ ጀምረሃል። ሽማግሌ የላክህባትን ሴት ጓድ ብለህ ስትጽፍ እንኳ ጽሕፈትህ እንደ ድሮው ያማረ ነው። ነገርህ ባጭሩ ይህ ነው፦ የከፍተኛው የኪነት ቡድን ወደ ሶቪየት ኅብረት ሊላክ ታጭቷል። መራጩ ኮሚቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሽ መጥቶ ያያችኋል። ኮሚቴው ሊሰማ የሚመጣው ደግሞ «የስለሺ ዋሽንት» የሚባለውን፣ ሸምበቆም ትንፋሽም ሳይነካው በኤሌክትሪክ የሚያንጎራጉረውን ሳጥን ነው። ሳጥኑ ግን ከዚያ የአብዮት በዓል ቀን ወዲህ ዋሽንት ሆኖ አያውቅም። በእጅህ የቀረው በዚያን ቀን የተቀዳ አንድ ካሴት ነው፤ ካሴት ደግሞ መድረክ ላይ ወጥቶ እጅ አይነሳም። ስለዚህ የትኛው ገመድ የት እንደሚሰካ እንድጽፍልህ ትጠይቀኛለህ። መጨረሻው ላይ «በዓምሃ ስም እለምንሻለሁ» ትላለህ።

ያችን መጨረሻዋን ባትጽፋት ኖሮ ወረቀትህ ለከሰል ማያያዣ ይሆን ነበር። የወንድሜን ስም ካነሳህ ግን መልስ ይገባሃል። ገመዱንም እነግርሃለሁ። አትቸኩል፤ መጀመሪያ ተቀምጠህ ሌላውን ታነባለህ።

ነገሩን አንተ ለሰው እንደምታወራው ሳይሆን እንደነበረው ልጻፈው። ዓምሃ ከሞተ በኋላ ጓሮ ያለችው የሰርቢስ ክፍሉ ባዶዋን ቀረች። እናቴ በሯን ከፍታ ማየት አልቻለችም። የልጅነት ጓደኛው ነህና ቁልፉን ላንተ ሰጠችህ፤ ሰው ይግባበት ብላ። አንተም ከምትሠራበት የሬዲዮ ጥገና ሱቅ የወዳደቀውን ሁሉ ይዘህ ገባህ፦ የተቃጠለ ትራንስፎርመር፣ ሆዱ የተዘረገፈ ሬዲዮ፣ ከተማርክበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቀደህ ያመጣኸው የፈረንጅ መጽሔት ገጽ። ገጹ ላይ ሲንተሳይዘር የሚባል፣ ከኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር ሳጥን ተስሏል። እንዲህ ያለውን አንድ ሆቴል ውስጥ ባንድ ሲጫወትበት አይተህ ስትቃጠል ከርመሃል። መግዛት ስለማንችል እንሠራዋለን አልከኝ።

ብየዳህ ጥሩ ነበር። ሰው ንቄም ቢሆን ውሸት አልጽፍም። ትራንዚስተሮቹን አንድ በአንድ እየበየድክ፣ የተሰበረ አኮርዲዮን ቁልፎች ነቅለህ እየገጠምክ፣ ክረምት ከበጋ ተቀምጠህ ሳጥኑን ጨረስከው። ሲያልቅ ግን ፊቱ ላይ ቀዳዳ ብቻ ነበር፤ ድምፅ የለውም። የዚህ ዓይነት መሣሪያ ክፍሎቹ እርስ በርስ በውስጥ አይተዋወቁም። በውጭ፣ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ፣ በገመድ አንዱን ከሌላው ታገናኘዋለህ፤ ግንኙነቱን በለወጥክ ቁጥር የሚወጣው ድምፅ ሌላ ነው። አንተ ሳጥኑ ፊት ቁጭ ብለህ ራስህን ስታክ እኔ ገባሁ።

እኔ ስልከኛ ነኝ። ከልጅነቴ እስካሁን የመሥሪያ ቤቴ ስዊችቦርድ ላይ ተቀምጬ በገመድ ሰውን ከሰው ሳገናኝ ነው የምውለው። አሮጌው ስዊችቦርድ ሲጣል ገመዶቹን ለምኜ አመጣኋቸው፤ መሰኪያቸው ከቀዳዳህ ጋር እንዲገጥም አደረግን። ለሳጥኑም ክፍሎች ስም አወጣሁላቸው። ሁለቱን ዝም ብለው የሚጮኹትን «ባለጌዎቹ» አልኳቸው። ጩኸቱን የሚያጠራው «ወንፊቱ» ተባለ፤ ድምፁን አስነስቶ የሚያስተኛው «ትንፋሹ»፤ የሚያንቀጠቅጠው «ብርዱ»። አንተ አፍረህባቸው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ለጠፍክባቸው። ግን በተምታታብህ ቁጥር «ብርዱ የትኛው ነበር?» ብለህ የምትጠይቀው እኔን ነው።

ላንተ ገመድ መሰካት ሥራ አልነበረም። እንግዳ ሲመጣ «ዓለም ገመድ ታቀብለኛለች» ትል ነበር። ያቺ ገመድ አቀባይ ግን ብርዱን ከባለጌው ጋር ስታገናኘው ድምፁ እንደሚያለቅስ፣ ከወንፊቱ ጋር ስታገናኘው እንደሚስቅ በጆሮዋ ደረሰችበት። አንተ የምታየው ገጹን ነው። ገጹ ላይ ያለው ግንኙነት ለፈረንጅ ዘፈን የተመረጠ ነው፤ ቀጨኔ የሚያውቀው ድምፅ እንዲወጣ ማንን ከማን እንደምታገናኝ አንተው ራስህ መምረጥ ነበረብህ። መምረጥ ደግሞ አንተ ጋ የለም። በሕይወትህ አንድ ነገር መርጠህ አታውቅም፤ ሌላ ሰው የመረጠልህን ትበይዳለህ።

በዚህ መሃል ቀበሌው ለአብዮት በዓል መክፈቻ የሚሆን፣ የማርሽ ባንድ የመሰለ ድምፅ ካለህ አምጣ አለህ። አንተም ደረትህን ነፍተህ «አለኝ» ብለህ መጣህና ፈልጊው አልከኝ። በነሐሴ አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ መስኮቱን ከፍቼ አዲስ ግንኙነት ሰካሁ። አንዱን ቁልፍ ተጭኜ ያዝኩት።

ከሳጥኑ የወጣው ማርሽ አይደለም። የእድር ጥሩምባ ነው። ያ ጎርናናው፣ መጨረሻው ላይ ስብር የሚለው፣ ጋሽ ገለታ ጎህ ሲቀድ በየቅያሱ እየዞሩ የሚነፉት፣ የሰማው ሁሉ የያዘውን አስቀምጦ «ማን ይሆን?» የሚልበት ድምፅ። ጆሮዬን አላመንኩምና ደገምኩት። አንተ ደግሞ ጥሩ ነው፣ ከፍ አድርጊው ትለኛለህ። የቀጨኔ ልጅ ነኝ ስትል ትውላለህ፤ የእድር ጥሩምባ ግን ከማርሽ አይለይህም።

ሰፈሩ ግን ለየው። ትንሽ ሳይቆይ በሮች ተከፈቱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ ቶይባ ሱቋን ዘግታ መጣች፤ ለቅሶ ቤቱ የት እንደሆነ እርስ በርሱ የሚጠያየቅ እድርተኛ ቅያሱን ሞላው። አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ አልጋ ከያዙ የሰነበቱ አንዲት አሮጊት አሉና እሳቸው ናቸው ብሎ ሰዉን ይዞ ቤታቸው ገባ። አሮጊቷ ቁጭ ብለው ሽሮ ሲበሉ አገኟቸው። ይህን ያህል ሰው ምን ሊሆን መጣ ብለው እሳቸው ራሳቸው ጠየቁ።

ጋሽ ገለታ መጨረሻ ላይ ደረሱ፤ ጥሩምባቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ እሳቸው ሆነው ሳለ ሌላ ሰው መንፋቱ አስቆጥቷቸዋል። ሳጥኑን ሳሳያቸው ቀስ ብለሽ ንፊው አሉኝ። ነፋሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና ስብራቱ ልክ እንደሆነ መሰከሩልኝ፤ ሰው ሳይሞት እንዳትነፊው ብለው አስጠንቅቀውኝም ሄዱ። አንተ በዚያን ጊዜ ፀረ አብዮት ቅስቀሳ ነው ይሉናል እያልክ፣ በሩን ዝጊ፣ ገመዱን ንቀይ ትለኝ ነበር። ላብህ ትዝ ይለኛል።

እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ የትልቁ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። ሰው ሁሉ ሲበተን ወደ ሰርቢሷ መጣች። ከዓምሃ ሞት ወዲህ የዚያችን ክፍል ደፍ ተሻግራ አታውቅም። ገብታ አልጋው የነበረበት ቦታ ቆመች፤ ሳጥኑን አየችው።

«ለዓምሃ ንፊለት» አለችኝ።

አንተ እዚያው ነበርክ። ምን እንደጠየቀችኝ ካንተ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስሙን ለልመና ካዋልከው አይቀር ግን ለምን እንደጠየቀችኝ እዚህ ላይ ልጻፈው። በሰባው ዓመተ ምህረት ከቤት ወሰዱት። ሬሳውን አላገኘንም። ቀበሌው ማልቀስ ክልክል ነው፣ ጥቁር መልበስ ክልክል ነው፣ እድሩም እንዳይነፋ፣ ድንኳንም እንዳይተክል አለ። ጋሽ ገለታ ጥሩምባቸውን ይዘው እስከ በራችን መጥተው ነበር። አብዮት ጠባቂዎቹ በሩ ላይ ቆመው ሲያዩዋቸው ጥሩምባውን ጋቢያቸው ውስጥ መልሰው አለፉ። ጎረቤት አንድ በአንድ ዕቃ ሊዋስ መጣ፤ አንዷ ሰፌድ፣ አንዷ እንቅብ፣ አንዷ ምጣድ ማሰሻ። ትንሽ ይቀመጡና ተውሰው ይሄዳሉ። ሲመሽ ቤታችን ውስጥ የሚዋሱት ዕቃ አልቀረም። የዓምሃ ለቅሶ ይኸው ነው።

ስሙን የተናገረለት የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ብቻ ነበር። «አናርኪስት ተወገደ» ብሎ እስከ ሽሮ ሜዳ አሰማው። እናቴን ከሞቱ ቀጥሎ የሚያንገበግባት ይህ ነው። ቀብሮ አለማልቀስ አለ፣ አልቅሶ አለመቅበርም አለ ትላለች፤ ልጄ ግን መሞቱ እንኳ እንደ ሰው አልተነገረለትም።

ሳጥኑ በጮኸበት በዚያው የነሐሴ ቀን ከሰዓት በኋላ አብዮት ጠባቂዎች ድምፁን ሰምተው መጡ። አንተም ለበዓሉ የተሠራ የኪነት መሣሪያ ነው ብለህ አስረዳህ፤ ሳጥኑን ተሸክመው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወሰዱት። እናቴ ሳጥኑ ሲወጣ እስከ ደጅ ተከተለችው። እነሱ ሲሄዱ የተናገረችው ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

«በዚያው አፍ ተሰድቧል፤ በዚያው አፍ ይነገርለት።»

መላውን የዘየድከው አንተ ነህ። ይህን አትርሳ፤ እኔ አላልኩም፣ እናቴም አላለችም። በበዓሉ መክፈቻ ላይ ያችን አንድ ቁልፍ ይዘህ ጥሩምባውን በቀበሌው ድምፅ ማጉያ እንደምታሰማ፣ ከዚያም መሣሪያው ተበላሸ እንደምትል፣ መሣሪያ ደግሞ የሚያስር እንደሌለ ነገርከን። እናቴ እግርህን ልትስም ጎንበስ ስትል አነሳሃትና፣ እጅህን የዓምሃ አልጋ በነበረበት ግድግዳ ላይ አድርገህ «እትዬ አስቻለች፣ ባልነፋለት የዓምሃ አጥንት ይውጋኝ» አልክ። ማንም ማል አላለህም። እኔ በዚያች ቀን ወደድኩህ። ከዚያ በፊት ሽማግሌዎችህን እሺ ያልኳቸው መጥፎ ሰው ስላልነበርክ ነው፤ በዚያች ቀን ግን ወደድኩህ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ወሬው በሹክሹክታ እድርተኛውን አዳረሰው። መስከረም ሁለት፣ በበዓሉ ቀን፣ ቀበሌው ሜዳ ላይ የተቀመጠው የእኛ ሰፈር ሰው ለአብዮቱ የመጣ እንዳይመስልህ። ሴቶቹ ነጠላቸውን በወጉ ለብሰው፣ ለማዘቅዘቅ እጃቸውን ጥለቱ ላይ አድርገው ነበር። ጋሽ ገለታ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ጥሩምባቸውን ቤት ትተው። ቶይባ እናቴን ደግፋ ነው ያመጣቻት። እናቴ ከውስጥ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነበር።

ገመዶቹን ጠዋት አዳራሹ ውስጥ በእጄ ሰካሁ። ድምፁን የሚያስተካክሉትን የሳጥኑን መጠምዘዣዎች በነሐሴ ጥሩምባው በወጣበት ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌባቸው ነበርና እዚያው ላይ መለስኳቸው። አንተ ሳጥኑ ጀርባ ተቀመጥክ፤ እኔ መድረኩ ሥር በጎን ቆምኩ። የቀበሌው ሊቀመንበር መፈክሩን ጨርሶ እጁን ወዳንተ ዘረጋ። ያን ጊዜ ግራ እጅህ በሳጥኑ ጎን ዞሮ ወደ ገመዶቹ ሲሄድ አየሁት። አንዱን ያዘና ሳበ። ከዚያ ቁልፉን ተጫንክ።

ቀጭን፣ ጣፋጭ ዋሽንት ወጣ። በእሱ የማርሹን ዜማ ተጫወትክ። ሊቀመንበሩ አጨበጨበ፤ ሜዳው አጨበጨበ። እናቴ ግን ጥሩምባው ቀጥሎ የሚመጣ መስሏት ጠበቀች። ንግግሩም አለፈ፣ ጭፈራውም አለፈ፤ ወንበር መደርደር ሲጀመር እንኳ አልተነሳችም። ጋሽ ገለታ ናቸው ክንዷን ይዘው ያስነሷት። መንገድ ላይ «ረስቶት ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ።

ሳጥኑ ጋ ስደርስ ገመዶቹን በሙሉ ነቅለህ ጠቅልለሃቸዋል። ገመድ ላልቶብኝ ነው አልከኝ። ይኸው በደብዳቤህም «በዚያን ቀን የላላው ገመድ» እያልክ ትጽፋለህ። ዕድሜዬን በገመድ የኖርኩትን እኔን። ገመድ የሚላላው እጅ ሲነካው ነው ስለሺ።

ፍርሃትህን አልናቅኩትም፤ ይህን በደንብ እንድትረዳው እፈልጋለሁ። እኔም መድረኩ ሥር ቆሜ ፈርቼ ነበር። ማታውኑ መጥተህ «እትዬ አስቻለች፣ ፈራሁ» ብትላት ኖሮ እናቴ እጅህን አስታጥባ እራት ታቀርብልህ ነበር። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ? የናቅኩህ ፍርሃትህን ዋሽንት ብለህ ስትሸጠው ነው። ጓደኛህን የከዳህበትን ድምፅ በስምህ አስጠርተህ፣ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ ይዘኸው ወጣህ፤ ካሴቱን በሬዲዮ አስነፋኸው፤ አሁን ደግሞ ፓስፖርት ልታወጣበት ነው። ባለሙያው ስለሺ። ተራማጁ ስለሺ። ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌዎችህ ተመልሰው ሲመጡ እናቴ ምክንያት እንኳ አልሰጠቻቸውም፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብላ በሩን ዘጋች። እሷ ሰው የምትሰድብ ሴት አይደለችም።

ይህን ደብዳቤ ለሊቀመንበርህ ላሳየው ብትል መንገዱ ክፍት ነው። መላውን ማን እንዳመጣውና ማን እንደማለ ግን ውስጡ ስላለ፣ ከማሳየትህ በፊት አንተው ደግመህ ታነበዋለህ። እንደማውቅህ ታቃጥለዋለህ። ሳታቃጥለው ግን የሚቀጥለውን ቅዳ፤ የለመንከው እሱ ነው።

ቀዩ ገመድ ከአንደኛው ባለጌ ወደ ወንፊቱ ይገባል። ጥቁሩ ከሁለተኛው ባለጌ ወደዚያው ወደ ወንፊቱ፤ በጎኑ ባለችው ቀዳዳ። አረንጓዴው ከትንፋሹ ወንፊቱን ይከፍተዋል፤ ቢጫው ከዚያው ከትንፋሹ መውጫውን ይከፍተዋል። ረጅሙ ነጭ ገመድ ከብርዱ ወደ ሁለተኛው ባለጌ ብቻ ይሄዳል፤ ወደ አንደኛው ካደረግከው አበላሸኸው። አጭሯ ነጭ ገመድ ከመውጫው ተነስታ ተመልሳ ወንፊቱ ውስጥ ትገባለች፤ መጨረሻው ላይ ድምፁን ስብር የምታደርገው እሷ ናት።

ይህ የጥሩምባው ነው። የዋሽንቱን አላውቀውም፤ ማንም አያውቀውም፤ መርጦ የሠራው ሰው የለምና። ዋሽንትህ አንድ ገመድ የጎደለው ጥሩምባ ነው። የትኛው ገመድ እንደነበረ የሚያውቀው ያ ግራ እጅህ ነው፤ እሱም ቸኩሎ ስለነበር አላስተዋለም። መድረኩ ላይ የወጣውን ድምፅ ለማግኘት መጠምዘዣዎቹ ሁሉ በዚያን ቀን የነበሩበት ቦታ መመለስ አለባቸው። ምልክቶቼ ቢኖሩ ቀላል ነበር። አንተ ግን ሳጥኑን ለማሳመር ቀይ ቀለም ቀብተህ ኮከብ ስለህበታል አሉ። ምልክቶቼ ከቀለሙ ሥር ናቸው።

ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ነው። ስድስቱንም ገመድ ትሰካለህ፤ ቁልፉን ተጭነህ ይዘህ፣ ጥሩምባው ልክ እስኪሆን ድረስ መጠምዘዣዎቹን ትፈልጋቸዋለህ። ልክ ከሆነ በኋላ ነው አንድ አንዱን ገመድ እየሳብክ ዋሽንትህን የምትሞክረው። ድምፁን ዝቅ አድርጌ በሬን ዘግቼ እሠራዋለሁ እንዳትል፤ ዝቅ ካለ ስብራቱ አይመጣም፣ ስብራቱ ካልመጣ ደግሞ ልክ መሆኑን አታውቅም። ያንተ ጆሮ እንኳ ባይለየው ጎረቤትህ ይነግርሃል። ሳጥኑን የምታኖርበት፣ ቁስቋም በር ላይ የሰጡህ ቤት ዙሪያው የድሮ ሰው ነው፤ እድር ያለው ሰው ነው። ጥሩምባው ልክ ሲሆን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጣሉ፤ በርህንም አንኳኩተው ማን ሞተ ብለው ይጠይቁሃል። መልሱን ከእኔ አትጠብቅ፤ ስሙን ደብዳቤህ ላይ ጽፈኸዋል።

ለእናቴ ደብዳቤህን አንብቤላታለሁ፤ ይህንንም አንብቤላታለሁ። ሳልልከው ልቅደደው ብላት እምቢ አለች፤ ላኪው፣ አብረሽኝም ትሄጃለሽ አለችኝ። ቅዳሜ እሷና እኔ ከአዳራሹ አጥር ውጭ እንቆማለን። ሳጥኑ ጸጥ ካለ ወይ ዝም ብሎ ከጮኸ፣ እንዳልነፋህለት እናውቃለን፤ አዲስ ነገር አይደለም፣ ወደ ቤታችን እንወርዳለን። ዋሽንቱ ከተሰማ ግን ከቅዳሜ በፊት በሆነ ሰዓት፣ በሰው ሰፈርም ቢሆን፣ ለልጇ ጥሩምባ ተነፍቷል ማለት ነው። ይበቃኛል ትላለች። እኔን አይበቃኝም፤ ግን የእኔ ልጅ አይደለም።

እንግዲህ ኮሚቴው ሲያጨበጭብልህ፣ አጥሩ ሥር ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምታለቅስ ሴት እንዳለች እያወቅክ እጅ ንሳ።

የዓምሃ እህት
ዓለምፀሐይ